ለጭፈራ ያልተሠራ ዜማ

አርሴማ ሥዩም ጨርቅ ሲያስፈልጋት ጉደር ሄዳ ትገዛለች። ይሄን የሰማ ሁሉ ይስቃል። ለጨርቅ አምቦ የሚመጣው የጉደር ሰው ነው እንጂ፣ ከአምቦ ተነሥቶ ለሁለት ሜትር መጋረጃ ጉደር የሚወርድ ከእሷ በቀር ታይቶ አይታወቅም። የሙሂዲን ጨርቅ ቤት ደግሞ ከእነሱ በር ሦስት ቤት አልፎ ነው። በረንዳው ላይ የቆመው ጣቃ ከደጃቸው ሆኖ ይታያል፤ ቀዩ ከአረንጓዴው ይለያል።

እናቷ ወይዘሮ ደስታነሽ በዚህ ነገር ዝም ብለው አያውቁም።

«ውሃ ሽቅብ ሲፈስ ያየ አለ?» ይላሉ ለጎረቤት። «እኔ ቤት ይፈሳል፤ ኑና እዩ።»

«እማዬ፣ ተዪኝ እንግዲህ።»

«ምን አልኩ? የጉደር አየር ጥሩ ነው አልኩ።»

አርሴማ ነጠላዋን ታጣፋና ትወጣለች። ስትወጣም በሙሂዲን ደጅ አታልፍም። በወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞራ ነው አስፋልት የምትደርሰው፣ ክረምት ጭቃው ቁርጭምጭሚት እየዋጠ እንኳን። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዞራለች። ያልዞረችበት ዘመን ግን ነበር።

አባቷ አቶ ሥዩም የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ክራራቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖርና እሑድ ከምሳ በኋላ ይወርዳል። እሳቸው ሲያርፉ አርሴማ ዐሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ክራሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሷ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት ሙዚቃ መረጠች። ወይዘሮ ደስታነሽ ይሄን ሲያወሩ አሁንም ያው ቁጭት አለባቸው፦ «ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉኝ እልል አልኩ። ክራር ልትማር ነው ሲሉኝ እልልታዬን መልሼ ዋጥኩት።»

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ተመርቃ ስትመለስ አምቦ ለክራር ተመራቂ የሚሆን ወንበር አልነበራትም። ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ዞራ ዞራ ሲደክማት ለሊሳ የሚባል ኪቦርድ ተጫዋች አገኛት። ለሊሳ ሁለት የሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ኪቦርድና ማለቂያ የሌለው ወሬ ነበረው። ጥር ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ለሠርግ ይዟት ዞረ። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ አንዴ እስከ ካቺሲ። የካቺሲው መንገድ ላይ የክራሯ ጅማት ተበጠሰና ባለአገሩ ከገዛ በጉ አንጀት አዲስ ፈትሎ ሰጣት ይባላል። ለሊሳ ነው የሚያወራው፤ ግማሹን ማመን ነው።

በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የስድስት ወር ሥልጠና ወጣ። ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ሽበታም ሴት፣ የማይናገሩ ልጆች፣ እጃቸው የማይታዘዝላቸው ልጆች፣ የሰው ዓይን ማየት የሚከብዳቸው ልጆች በዜማ እንዴት እንደሚቀረቡ ታስተምር ነበር። አርሴማ ተመዝግባ ሄደች። ስትመለስ አምቦ ላይ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ማዕከል ከፍቶ ነበርና ተቀጠረች። ከተማውም ወዲያው ስም አወጣላት፤ «የዘፈን ዶክተሯ»። አንዳንዱ ራስ ምታት ሲይዘው መንገድ ላይ አስቁሞ «እስኪ አንድ ዘፈን እዘዥልኝ» ይላታል። ትስቃለች። ያኔ ሳቋ ቅርብ ነበር።

አሠራሯ ለሰው ግራ ነበር። አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁለት ሳምንት ምንም አትዘፍንም። መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ልጁ የሚያወጣውን ድምፅ፣ የሚረግጠውን፣ የሚያንኳኳውን። «ሁሉም ልጅ የያዘው አንድ ድምፅ አለው፤ እሱን ሳታገኙ አፋችሁን አትክፈቱ» ብላ ነበር ሽበታሟ ሴትዮ። ከደንዲ የመጣው ፊራኦል ለምሳሌ ግራ እጁ ታጥፎ የቀረ ነበር። አባቱ ከብት ሲጠራ የሚያፏጨውን ፉጨት አርሴማ በከበሮ ምት አደረገችው። ልጁ ፉጨቱን ሲሰማ እጁ ሳያውቀው ይነሣ ጀመር። ዛሬ ፊራኦል ጎረምሳ ሆኖ በሁለት እጁ ከበሮ ይመታል፣ በራሱ በለሊሳ ባንድ ውስጥ። አርሴማ እሱን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል፤ ደስታዋ ግን አይሞላም። ሌላዋን ልጅ ታስባለቻ።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራት። ለአንድ ልጅ የተሠራ ዜማ ለሌላ ልጅ አይዘፈንም። ያ ዜማ የልጁ ነው፤ እንደ ስሙ።

ሰልሳቢል የመጣችው በሁለት ሺህ ዐሥር ነው፣ ስድስት ዓመቷ ላይ። የጨርቅ ነጋዴው የሙሂዲንና የሸምሲያ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ከከተመ ቆይቷል፤ ሙሂዲን ኦሮምኛውን ከባለአገሩ እኩል ይናገራል፤ ሲቀልድማ ይበልጣል። ልጅቱ ግን ቃል ከአፏ አልወጣም። ስትጠራ አትዞርም። ጫማ ሲያደርጉላት ወዲያው አውልቃ ትወረውራለች። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ከጣቃው ኋላ ተሸጉጣ ትውላለች።

አርሴማ እንደ ልማዷ ሁለት ሳምንት ልታዳምጥ ሱቁ ድረስ ሄዳ ተቀመጠች። ሙሂዲን ለደንበኛ ሲለካ የጨርቁን ጫፍ በመቀስ ነካ ያደርገውና ቀሪውን በእጁ ይተረትረዋል፣ ሽርርርር ብሎ። ያኔ አርሴማ ከጣቃው ኋላ አንድ ነገር ትሰማለች። «እምም» ይላል አንድ ቀጭን ድምፅ። ደንበኛ ሲመጣ፣ ሽርርርር። «እምም»። አርሴማ ብድግ አለች።

«ጋሼ ሙሂዲን፣ ሰምተዋታል?»

«ምኑን?»

«ጨርቅ ሲቀደድ ትመልስልዎታለች እኮ።»

ሙሂዲን ማንም ያልጠየቀውን አንድ ክንድ ጨርቅ ቀደደ። «እምም» አለች። ሰውየው ቁጭ አለ። በዚያ ሳምንት ያለገዢ ስንት ጨርቅ እንደ ቀደደ ሸምሲያ ታውቃለች፤ ቁርጥራጩን ሁሉ ትራስ ሰፋችበት።

ማዕከሉ ልጅቱን ሊቀበል ሲሆን ሙሂዲን አርሴማን ሱቁ በር ላይ አቆማት። ሜትሩን በእጁ እንደ ያዘ ነው።

«ቲቸር፣ ተነጋግረን እንጀምር። እኛ ቤት ዘፈን አይገባም፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ክራሩን ተይው። በአፍሽ፣ በእጅሽ ጭብጨባ ከሆነ ድምፅ ነው፤ ድምፅ አላህ የሰጠው ነው። ይሁን። አንቺ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ እንደምትውዪም አውቃለሁ፤ እንጀራሽ ነው፣ አልፈርድም። ግን ለልጄ የምትሠሪው ለጭፈራ እንዳይወጣ። አደራ።»

«ለማንም ልጅ የሠራሁት አይወጣም፣ ጋሼ ሙሂዲን። ሕጌ ነው።»

«ሕግሽን ለመሥሪያ ቤትሽ። እኔ አደራ ነው ያልኩሽ።»

«አደራ» አለች።

እንግዲህ ዜማው ያለ ክራር፣ በአፍና በጭብጨባ ብቻ ተሠራ። እንዲህ የሚል ነው፦

ማን መጣ፣ ማን መጣ?
ከጣቃው ኋላ ማን ወጣ?
ጫማውን ጥሎ ማን ሮጠ?
አጠገቤ ማን ተቀመጠ?

ከዚህ በኋላ አንድ ቦታ ባዶ ነው። አርሴማ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። እሷ አትሞላውም፣ ሸምሲያ አትሞላውም፣ ማንም አይሞላውም። የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ባዶው ቦታ የልጁ ነው፣ እሱ እስኪገባበት በሩ ክፍት ይቆያል። ያንን መጠበቅ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሸምሲያ ስንት ቀን ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። አንዴማ «እኔ ልበልላት በቃ» ብላ ስትነሣ አርሴማ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ወር አለፈ። ሁለት ወር። በሦስተኛው ሰልሳቢል ባዶው ቦታ ሲደርስ ዘወር ማለት ጀመረች። በአምስተኛው «እምም» አለችበት። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል ሄደ። ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ጫማዋን እንደ ልማዷ ከጣለች በኋላ፣ ባዶው ቦታ ላይ ደረሱ። ሰልሳቢል አርሴማን ቀና ብላ አየችና፣

«እኔ» አለች።

ሸምሲያ አለቀሰች። የማዕከሉ ጠባቂ ሳይቀር ሰምቶ መጣ። አርሴማ አላለቀሰችም። ሥራዋ ነውና ደግማ አራቱን ስንኝ አለች፤ ልጅቱም ደግማ «እኔ» አለች። ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ አለች። ሱቅ ውስጥ ሙሂዲን በጎረነነ ድምፁ፣ ዜማውን እያበላሸ፣ «ማን መጣ» ሲል ትመልስለታለች። ቃሏ ያቺ ብቻ ነበረች። ግን ለቤቱ ትበቃ ነበር። ሙሂዲን ደንበኛ አስቁሞ ያሰማ ነበር።

ጥር ገባ። ኦቦ ነገራ የሚባሉ የደንዲ ሀብታም ገበሬ ጊንጪ ላይ ልጃቸውን ዳሩ፤ ለሊሳና አርሴማም ተጠሩ። ድንኳኑ አስፋልት ዳር ተተክሎ ከጭልሞ በኩል የመጣው፣ ከአምቦ የመጣው፣ ከሆለታ የመጣው እንግዳ ሞልቶታል። ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የሚያከራየው ሰው ደግሞ የዚያን ቀን ሌላ ሠርግ አግኝቷል።

«ኪቦርድ ያለ መብራት ምንድነው?» አለ ለሊሳ እጁን ዘርግቶ። «የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ነው።»

አርሴማ በክራሯ ሞከረች። ፊት ያሉት ሰሟት፤ ከኋላ ያለው ግን ወሬውን ቀጠለ። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ማንሣት ጀመሩ። አንዱ ጎረምሳ «ዘፋኞቹ የመጡት ለክትፎው ነው እንዴ?» አለና አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ኦቦ ነገራ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ዝቅ ብለው። «ሰው ሳይጨፍር ከደጄ ከወጣ፣ ነገ ገበያ የምወጣው በምን ዓይኔ ነው?»

አርሴማ ክራሯን አስቀመጠች። ያኔ ለሊሳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«አርሴ፣ ያቺን በያት።»

«የቷን?»

«ታውቂያለሽ። መኪና ውስጥ ሁሌ የምታንጎራጉሪያትን። ማን መጣ።»

«የልጅ ናት እሷ።»

«እዚህ ያለውስ የሰው ልጅ አይደል?»

ሳቀች። ያ ሳቅ ነው የጎዳት። ልቧ አንድ ጊዜ «አደራ» አላት፤ እሷ ግን መልስ ነበራት። ጊንጪ ነው። አምቦ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። መብራት የለም፣ ማይክ የለም፣ አንድ ጊዜ ይባልና ነፋስ ይወስደዋል። ደግሞም ካላት ዜማ ሁሉ ያለ መሣሪያ ብቻውን መቆም የሚችለው ያ ብቻ ነው፤ ሙሂዲን ራሱ ክራሩን ተይው ብሎ ያለ መሣሪያ ያሠራት ነዋ። እንዲህ ብላ ነገሩን ወደ ሙሂዲን መለሰችው።

ወንበር ላይ ወጥታ አጨበጨበች።

ማን መጣ፣ ማን መጣ? አራቱን ስንኝ ጨርሳ ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ከልማዷ የተነሣ ዝም አለች። ድንኳኑም ዝም አለ። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ። ከወደ ኋላ ጭራ የያዙ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «አና!» ብለው ተነሡ፤ እኔ ማለታቸው ነው። ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። በሁለተኛው ዙር አምሳ ሰው መለሰ። በሦስተኛው የሙሽራው ወገን ከሙሽሪት ወገን ተፎካክሮ፣ ግማሹ «እኔ»፣ ግማሹ «አና» እያለ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዘራቸውን ያነሡት ሽማግሌዎች በከዘራቸው ጨፈሩ። ኦቦ ነገራ ጋቢያቸው ወድቆ አላወቁም።

አርሴማ ወንበሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ስትዘፍን እንዲህ ያለ መልስ በዕድሜዋ አግኝታ አታውቅም ነበር። ዛሬ ይሄን ስታስታውስ ከሁሉ የሚያንገበግባት እሱ ነው። አንዲት ልጅ ከስድስት ዓመት ዝምታ ወጥታ «እኔ» ስትላት ዓይኗ ደረቅ ነበር። የማታውቀው ሕዝብ «እኔ» ሲላት ግን አለቀሰች።

ነፋስ ይወስደዋል ያለችውን ስልክ ወሰደው። ሠርገኛው ቀርጾ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ለሊሳ መጣ።

«አርሴ፣ ሰዉ አብዷል። ስቱዲዮ ይዤ ኪቦርድ ልጨምርበት ነው። ድምፅሽ አለ፤ የጨፋሪው መልስም አለ። አንድ የኦሮምኛ ስንኝ እኔ ጨምሬበታለሁ። ምን ትያለሽ?»

እንቢ ማለት ነበረባት። እሺም አላለችም። ዝም አለች። ለሊሳ ዝምታን እንደ እንቢታ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ፋሲካ ሲደርስ «ማን መጣ» የማይልበት ባጃጅ አምቦ ውስጥ አልነበረም። ሙዚቃ ቤቱ ይላል፣ ጫማ ቤቱ ይላል፣ ከጌዶ የሚመጣው አይሱዙ ይላል። ልጆች መንገድ ላይ አንዱ «ማን መጣ?» ሲል ሌላው «እኔ!» ብሎ ይሮጣል። ሰዉ አርሴማን እያስቆመ ስልክ እያወጣ አብሯት ፎቶ ይነሣል። ወይዘሮ ደስታነሽ እንኳ ያንን የዋጡትን እልልታ የዚያን ሰሞን አወጡት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሸምሲያ ሰልሳቢልን ይዛ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። አርሴማ ዓይኗን ሸሽታ ምንጣፉን አነጠፈችና ጀመረች። አራቱን ስንኝ አለች። ባዶው ቦታ ላይ ትንፋሿን ያዘች።

ሰልሳቢል በሩን አየች።

አርሴማ ደገመች። ልጅቱ አሁንም አንገቷን ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አዞረች። አንድ ሰው ከውጭ እስኪመልስ የምትጠብቅ ትመስላለች። ሦስተኛ። አራተኛ። ምንም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች አርሴማ።

ሸምሲያ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች ነው የነገረቻት። «መጀመሪያ ባጃጁ በራችን ላይ ቆሞ ሲያሰማ ደስ ብሏት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። ‹ማን መጣ› ሲል ‹እኔ› አለችው። ግን ያ ሁሉ ሰው ከውስጡ ‹እኔ› ብሎ ጮኸ፤ የሷ አልተሰማም። በማግስቱም ወጣች፣ አለች። አልተሰማም። ሦስተኛ ቀን ጆሮዋን ይዛ ገባች። አሁን አባቷ ሲላት መንገዱን ታያለች። እንግዲህ ሌላ ሰው እየመለሰላት፣ እሷ ምን ትበል፣ አርሴማዬ?»

በዚያን ቀን አርሴማ አርባ ጊዜ ያህል ዘፈነች፣ ልጅቱ አልቅሳ እስክትተኛ። ማዳመጥ የሚያስተምር ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ጠፋበት።

ማታውኑ ሙሂዲን ሱቁን ሲዘጋ ሄደች። እንዲቆጣት ፈልጋ ነበር። አልተቆጣም። መጋረጃ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል፣

«አደራ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ጊንጪ ነበር እኮ፣ ጋሼ ሙሂዲን። መብራት ጠፍቶ…»

«ጊንጪ አገር አይደለም እንዴ?» አለና ጣቃውን አስቀመጠ። «ግቢ እንጂ፣ በር ላይ አትቁሚ» አላት። ሰው አክባሪ ነው። መግባት አልቻለችም።

ሰልሳቢል ጥቂት ሐሙስ ተመላለሰች። አርሴማ አዲስ ዜማ ሠራችላት፣ ሁለት፣ ሦስት። ባዶ ቦታ ሲመጣ ልጅቱ በሩን ታያለች። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ከዚያ ሸምሲያ ወለደች፣ ከዚያ ኮሮና መጣና ሁሉም በየቤቱ ተከተተ። ማዕከሉም ሳይከፈት ቀረ፤ ድርጅቱ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ ተባለ። አንዳንዴ መንገድ ሲዘጋ፣ አንዳንዴ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ዓመቱ እንዲህ እንዲህ እያለ አለፈ። አርሴማ መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ፊደል በዜማ ታስተምራለች። ጥር ሲመጣ ከለሊሳ ጋር ሠርግ ትወጣለች፤ እንጀራዋ ነው። «ማን መጣ»ን ግን ከዚያን ሐሙስ ወዲህ በአፏ አላዞረችም። መጀመሪያ ሰዉ «ኮራች» አለ። በኋላ መጠየቁንም ተወ። አዲስ ዘፈን መጣ፣ እሱንም ሌላ ገፋው። ከተማው በሦስት ወር ጠግቦ የጣላት ነገር ለአንዲት ልጅ የዕድሜ ልክ ስንቋ ነበረች።

እንግዲህ ጉደር መውረድ የመጣው ከዚህ ነው።

ዘንድሮ ወይዘሮ ደስታነሽ ጉልበታቸው ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ጠዋት አርሴማን ጠሯት።

«የፍራሽ ልብሴ ተተልትሏል። ጨርቅ ግዢልኝ።»

«ቅዳሜ ጉደር ስሄድ…»

«የጉደር አልፈልግም። የጉደር ጨርቅ ያሳክከኛል።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያሳክክሽ?»

«ዛሬ ጀመረኝ። ሙሂዲን ዘንድ ሂጂ። አንቺ ልጅ፣ እኔ ሳልሞት ሂጂ፤ ኋላ ለከፈን ስትሮጪ ከምትገቢ ለፍራሽ ብትገቢ አይሻልም?»

ሄደች። ሦስት ቤት ነው መንገዱ፤ እሷ ግን ከጉደር የራቀ መሰላት። ሙሂዲን ጺሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል። አያት። ሜትሩን አነሣ።

«አካም ጅርታ፣ ቲቸር? የጉደር ጨርቅ አለቀ?»

«አላለቀም፣ ጋሼ ሙሂዲን። እኔ ነኝ ያለቅሁት።»

ከጣቃው ኋላ አንዲት ረጅም ልጅ ሻሽ አድርጋ ጨርቅ ታጥፋለች። ጠርዝ ከጠርዝ እያገጠመች፣ አንዲት ክር ሳታዛንፍ። እግሯ ባዶ ነው፤ ጫማዋ መሐል ወለል ላይ ተጥሏል። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ። አርሴማን አላየቻትም፣ ወይም አይታ ማየቷን አላሳየችም።

«ሥራ ላይ ጎበዝ ናት» አለ ሙሂዲን። «እንደሷ የሚያጥፍ ጊንጪ ድረስ የለም።» ጊንጪ ያለው እንዲሁ ከአፉ ወጥቶ ነው፤ ግን ሁለቱም ሰሙት። ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁንማ ያንን የሚዘፍነው የለም። ሰዉ ረስቶታል። እስኪ በያት።»

«አደራውን በልቼ በምን አፌ?»

«የአደራው ባለቤት እኔ ነኝ። በያት ብያለሁ።»

አርሴማ አላጨበጨበችም። በቀስታ፣ ለጨርቁ የምትነግር ያህል፣ አራቱን ስንኝ አለች። ማን መጣ፣ ማን መጣ። አጠገቤ ማን ተቀመጠ። ከዚያ ትንፋሿን ያዘች።

የሰልሳቢል እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። አንገቷን ቀና አደረገችና በሩን አየች። አስፋልቱን፣ የሚያልፈውን ሰው፣ የቆመውን ባጃጅ አየች። ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ከውጭ የመለሰ የለም። ከዚያ ዓይኗን መልሳ ማጠፏን ቀጠለች።

ሙሂዲን አራት ሜትር ለካ፣ ጫፉን በመቀስ ነካ አደረገና ተረተረው። ሽርርርር።

«እምም» አለች ልጅቱ።

ጨርቁን ከአባቷ እጅ ወስዳ አጠፈች፣ ጠርዝ ከጠርዝ፣ አስተካክላ። ባንኮኒው ላይ አርሴማ ፊት አስቀመጠችው። አርሴማ ይዛው ወጣች፤ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ አልዞረችም።

ወይዘሮ ደስታነሽ ጨርቁን አልጋቸው ላይ ሆነው ተቀበሉ። አልፈቱትም። እጥፋቱን በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ።

«ማነው እንዲህ ያጠፈው?»

«ልጅቱ ናት።»

«ተናገረች?»

«አልተናገረችም፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ጨርቁን እጥፋቱ ሳይበላሽ ራስጌያቸው አስቀመጡት። ወደ ግድግዳው፣ ክራሩ ወደ ተሰቀለበት ዞሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኝተዋል ስትል፣

«የትራሱስ ልብስ?» አሉ። «እሱም እኮ አርጅቷል።»

አርሴማ የትራሱን ልብስ አየችው። የዛሬ ሁለት ወር ከጉደር ያመጣችው ነው።

«ሐሙስ እሄዳለሁ» አለች።